እንደ ወባው ለካንሰሩም ስትሪፕ የለም ወይ?

አዳማ ውስጥ ነጭ ጋዋን ከለበስክ ሁሉም ሰው "ዶክተር" ነው የሚልህ። ዶክተር አይደለሁም፣ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ ብትል የሚሰማህ የለም። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። አፍንጫ ነክተው በ15 ደቂቃ ኮሮና አለ የለም ካሉን፣ ጣት ወግተው ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ወባን ከነገሩን፣ ለካንሰሩ፣ ለኩላሊቱ፣ ለልቡ ለምን እንዲህ ያለ ነገር አይሠሩም? ባለፈው አንድ አባት ለፕሮስቴት ምርመራ መጥተው "ልጄ፣ ያቺ ሁለት መስመሯ ለኔ በሽታ የለችም?" አሉኝ። "አለች ጋሼ፣ ግን ባትኖር ይሻል ነበር" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ በአንድ ደቂቃ ማስረዳት አይቻልም፤ ከኋላቸው ወረፋ አለ። እዚህ ግን ወረፋ የለም።

መጀመሪያ ዕቃውን፣ ስትሪፕ የምንለውን፣ እንየው። ጊዜው ያለፈበት ካሴት (ስትሪፑ የሚቀመጥበት ፕላስቲክ) ሲገኝ ከመጣሌ በፊት አንዳንዴ በምላጭ እከፍተዋለሁ። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችም ሲኖሩ እያሳየኋቸው ነው የምከፍተው። ነጩ ፕላስቲክ ሲነሳ ውስጡ ያለው ከትንሿ ጣት የቀጠነ ወረቀት ነው። አንድ ወረቀት ይመስላል እንጂ ጫፍ ለጫፍ እየተነባበሩ የተጣበቁ ቁርጥራጮች ናቸው። አንደኛው ጫፍ ደሙና በፈሩ (አብሮት የሚመጣው ፈሳሽ) የሚንጠባጠብበት ነው። ቀጥሎ ቀላ ያለ ትንሽ ቁራጭ አለ። መሃሉን የያዘው ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ነጭና ረጅም ወረቀት ነው፤ መስመሮቹ የሚወጡት እሱ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ፈሳሹን የሚመጥ ወፍራም ወረቀት ተቀምጧል።

ቀላ ያለው ቁራጭ ውስጥ ያለው ወርቅ ነው። አዎ፣ ወርቅ። በጣም ከመድቀቁ የተነሳ ቢጫነቱ ጠፍቶ ቀይ ሆኖ የሚታይ። (የጆሮ ጌጥ የሚወጣው መስሎት ተስፋ ያደረገ ተማሪ ነበር፤ አይወጣውም።) ወርቁ ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ተለጥፎበታል። ፈሳሹ ሲያልፍ ወርቁን እየጠረገ ይዞት ይሄዳል። የምንፈልገው ነገር ደሙ ውስጥ ካለ ያ አንቲቦዲ ይይዘዋል። ከፊት ደግሞ ነጩ ላይ በመስመር የተሰመረ ሌላ አንቲቦዲ ይጠብቃል፤ ሲደርሱ አንድ ላይ ያስቆማቸዋል። ወርቁ እዚያ ሲከማች ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። የተረፈው ወርቅ አልፎ ሄዶ ኮንትሮል የሚባለው ሁለተኛ መስመር ላይ ይቆማል፤ ምርመራው በትክክል መሠራቱን የሚያሳየው እሱ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ባትሪ የለውም፣ መብራት አይፈልግም፣ ፈሳሹ በራሱ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ይህን ለሌላ በሽታ ማዋል ይቻላል? በደንብ ይቻላል። አንቲቦዲዎቹን መቀየር ነው፤ ወረቀቱም፣ ወርቁም፣ ፕላስቲኩም ያው ሆኖ ይቀጥላል።

እንዲያውም ይቺ ስትሪፕ መጀመሪያ ስሟ የገነነው በበሽታ አይደለም፣ በእርግዝና ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ዩኒፓዝ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ክሊርብሉን በዚህ መልክ አወጣው፤ ሽንት አስነክቶ መጠበቅ ብቻ። ወባው፣ ኤችአይቪው፣ የጉበት ቫይረሱ፣ ቂጥኙ፣ በመጨረሻም ኮቪዱ ኋላ ነው በዚያ መንገድ የመጡት። ስለዚህ "የኢንፌክሽን ምርመራን ለሌላ ነገር እንቀይረው" ሲባል ስትሪፗ ወደ መጣችበት እየተመለሰች ነው ማለት ይቻላል።

የእርግዝናው ለምን እንደተሳካ ካያችሁ ግን ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ይገባችኋል። ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን ያልፀነሰች ሴት ጋ የለም ቢባል ይቀላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በታች ነው። ብዙዎቹ ስትሪፖች 25 ሲደርስ ያነባሉ። ከፀነሰች ጥቂት ሳምንታት በኋላ በሺዎች ይቆጠራል። ከምንም ተነስቶ ሺህ የሚገባ ነገር ለዓይን ያደላል። ወባም እንደዚያው ነው። ኤችአርፒ ቱ የሚባለው ፕሮቲን የወባው እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ውስጥ ዜሮ ነው። የኮቪዱም ፕሮቲን የቫይረሱ ነው።

ቤት ውስጥ እንግዳ መግባቱን ማወቅ ከባድ አይደለም፤ በሩ ላይ የማይታወቅ ጫማ ካለ ገብቷል። የቤቱ ልጅ ከወትሮው የበለጠ እንጀራ መብላቱን ለማወቅ ግን ወትሮ ስንት እንደሚበላ ማወቅ አለብህ። ስኳሩ፣ ኩላሊቱ፣ ልቡ፣ አብዛኛው ካንሰር የቤቱ ልጅ ናቸው። ምልክታቸው ከራሳችን ሰውነት የሚገኝ ነገር ነው፤ በጤናችንም አለ። ጥያቄው "አለ ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "ስንት ሆነ?" ይሆናል። ሁለት መስመር ደግሞ ስንት እንደሆነ አይናገርም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የፕሮስቴት ስትሪፕ የሚፈልገው ፒኤስኤ የሚባል ፕሮቲን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ የሚወጣው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 4 ናኖግራም ሲደርስ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው። እንግዲህ 4.1 ያለውም 40 ያለውም ሰው ያው ሁለት መስመር ያያሉ። 3.9 ያለው ደግሞ ነፃ ነህ ተብሎ ይሄዳል። ሲጀመር ፒኤስኤ ፕሮስቴት ያለው ወንድ ሁሉ የሚያመርተው ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል። እጢው ካንሰር ሳይሆን እንዲሁ ሲያብጥ ይጨምራል። ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል። ሐኪሙ የሚፈልገው ቁጥሩን ነው፤ አምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ገባ፣ ምን ያህል ፈጠነ። ስትሪፕ ገዝቶ ቤቱ የተመረመረ ሰው ግን ወይ በሁለት መስመር እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፣ ወይ በአንድ መስመር ተዘናግቶ ይከርማል። ሁለቱም መጥፎ ነው።

የልቡ ደግሞ ይብሳል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይወጣል፤ ግን ወዲያው አይወጣም፣ ሰዓታት ይፈልጋል። ደረቱን በያዘው በመጀመሪያው ሰዓት ቢመረመር ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ቆይተው የሚደግሙት ለዚህ ነው። ስትሪፑ ኔጌቲቭ ስላለው ብቻ "ጨጓራዬ ነው" ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ሰው ነው የምፈራው።

"የመስመሩ ድምቀት ስንት መሆኑን አይናገርም?" የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትንሽ ይናገራል፣ ግን ለዓይን አይደለም። እኔና አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ አንድ ደብዛዛ መስመር አይተን እንኳን የማንስማማበት ጊዜ አለ። በወባ ደብዘዝ ያለውም ያው ፖዘቲቭ ስለሆነ ችግር የለውም። መጠን ለመለካት ግን ድምቀቱን በካሜራ አንብቦ ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አሉ፤ በስልክ ካሜራ የሚሞከርም አለ። ይሠራሉ። ያን ጊዜ ግን ዋጋውም ይጨምራል፣ የሚበላሽ ነገርም ይመጣል፣ ጤና ኬላ ድረስ የምትገባዋ ቀላሏ ወረቀት ሌላ ነገር ትሆናለች።

ሌላም ጣጣ አለ። ትናንሽ ሞለኪውሎች፣ ለምሳሌ አደንዛዥ ዕፅ ወይም አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ሁለት አንቲቦዲ ባንድ ጊዜ የሚይዝ ቦታ የላቸውም። ለእነሱ ስትሪፑ ተገልብጦ ነው የሚሠራው፦ ነገሩ ካለ መስመሩ ይጠፋል። ሁለት መስመር ማለት "የለም" ማለት ነው። ሰው ሁሉ ሁለት መስመር ሲያይ "አለብኝ" ብሎ በለመደበት አገር ይህን ፋርማሲ ላይ መሸጥ ምን እንደሚያስከትል አስቡት።

ቁጥርም አይጠላችሁ፣ አንድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ስትሪፑ ጎበዝ ነው እንበል፤ ከ100 በሽተኛ 95ቱን ያገኛል፣ ከ100 ጤነኛ 95ቱን ነፃ ይላል። አሁን ምንም ያላመማቸውን 1,000 የአዳማ ሰዎች ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ሰብስበን ለአንድ ካንሰር እንመርምር፤ ከመካከላቸው በእውነት ያለባቸው 5 ናቸው እንበል። አምስቱንም አገኘልን። ከቀሩት 995 ጤነኞች ግን ወደ 50 የሚሆኑትን በስህተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። ሁለት መስመር ካዩት 55 ሰዎች የታመሙት 5 ብቻ ናቸው። ሃምሳው በከንቱ ይንገላታሉ፤ አልትራሳውንድ፣ ሪፈር፣ አዲስ አበባ መመላለስ፣ ሱባዔ፣ ስለት፣ ሁሉም ይከተላል። ያው ስትሪፕ በጥቅምት ወር ከወንጂ በኩል እየተንቀጠቀጠ ለመጣ ሰው ወባ ሲመረምር ለምን እንደሚያምር አያችሁ? እዚያ ገና ከበሩ ሲገባ ወባ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ትልቅ ነው።

ይህ ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በታይፎይድ በየቀኑ እያየነው ነው። እዚህ ከተማ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው "ታይፎይድና ታይፈስ" ሳይባል መውጣቱ ያጠራጥራል። ምርመራው ለታይፎይድ ዊዳል፣ ለታይፈስ ዌል ፌሊክስ ነው። ዊዳል የተጀመረው በፈረንጆቹ 1896 ነው፤ የዓድዋ ዓመት መሆኑ ነው። የሚያየው ጀርሙን አይደለም፣ ሰውነታችን ጀርሙን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ያ አንቲቦዲ ደግሞ ካለፈ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ጀርም ጋር የተምታታም ሊሆን ይችላል። አንዴ ብቻ ተሠርቶ የሚታመን ምርመራ አይደለም፤ ትክክለኛው የደም ካልቸር (ጀርሙን ከደም አሳድጎ ማየት) ነው፣ እሱ ደግሞ ቀናት ይወስዳል፣ በየክሊኒኩም የለም። እናም ሰዉ በየዓመቱ "ታይፎይዴ ተነሳብኝ" እያለ አንቲባዮቲክ ይውጣል። ፈጣንና ርካሽ ምርመራ ራሱ ጉዳት እንደማያደርስ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ይህን ነው የምነግረው። እኔ ራሴ ወረቀቱ ላይ የታዘዘልኝን ሠርቼ ውጤቱን እጽፋለሁ፤ እየጻፍኩም ይቆጨኛል።

"አለ ወይ የለም" በሚባልበት ቦታም ቢሆን ነገሩ አልጋ ባልጋ አይደለም። የወባው ስትሪፕ የሚያነበው ኤችአርፒ ቱን ነው ብያችኋለሁ። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የወባ ጥገኞች መጥተዋል። በፈረንጆቹ 2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2021 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለው ስትሪፕ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከያዛቸው ሕመምተኞች ወደ 10 ከመቶ የሚጠጉትን በዚህ ምክንያት ሊስት እንደሚችል ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ስህተቱ 5 ከመቶ ካለፈ ስትሪፑን ቀይሩ ነው የሚለው። ኤርትራ ቀድማ በ2016 ቀይራለች። ስለዚህ ስትሪፑ ኔጌቲቭ ብሎም ትኩሳቱ አልለቅ ካለ "ብለድ ፊልም ይሠራልኝ" በሉ፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ነው። ማይክሮስኮፕ አልሞተም።

በደንብ የተሳካ የለም ወይ? አለ። እኔ በጣም የምወደው የትልቁ አንጀት ካንሰርን ለመጠርጠር የሚሠራው የሰገራ ስትሪፕ ነው። በዓይን የማይታይ ደም ሰገራ ውስጥ ይፈልጋል። የድሮው የጉዋያክ ምርመራ ደም የሰው ይሁን የበሬ አይለይም ነበር፤ ከምርመራው በፊት ሥጋ አትብሉ ይባላል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ይህን ማን ይታዘዛል? አዲሱ ግን በአንቲቦዲ የሚሠራ ስለሆነ የሰውን ሄሞግሎቢን ብቻ ነው የሚይዘው። ቁርጥ በልታችሁ ብትመጡ ግድ የለውም። እሱም ቢሆን ካንሰር አለባችሁ አይልም፤ ኪንታሮትም ይደማል። ግን ማን ወደ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) መሄድ እንዳለበት ይለያል። ካሰብነው ለምን እንደተሳካም ግልጽ ነው፦ ደም እዚያ ቦታ መገኘት የለበትም። እንደገና "አለ ወይ የለም" ሆነ ማለት ነው።

አሁን ስለምወደው ማሽን ላውራ።

ጂን ኤክስፐርትን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በቲቢ ነው። አክታው ውስጥ ሁለት እጥፍ ማቅለጫ ይጨመርበታል፣ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ካርትሪጅ የሚባል ምርመራው የሚካሄድበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል፣ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቲቢ አለ ወይ ብቻ ሳይሆን ሪፋምፒሲን የሚባለውን መድኃኒት ይቋቋማል ወይ የሚለውንም ይነግረናል። የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው በኅዳር 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2010 መሆኑ ነው።

የሚገርመው ከየት እንደመጣ ነው። በ2001 አሜሪካ ውስጥ አንትራክስ (አባ ሰንጋ) የተነሰነሰባቸው ደብዳቤዎች ተልከው አምስት ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደብዳቤ በሚለይባቸው ትልልቅ ማዕከሎች አየሩን እየሳበ አንትራክስ የሚፈልግ መሣሪያ አስገባ። (ፖስታ ቤት ስል የኛን ሰፈር አይደለም።) በዚያ መሣሪያ ውስጥ የነበረው የሴፊድ ኩባንያ የጂን ኤክስፐርት ቴክኖሎጂ ነው። የአባ ሰንጋ መፈለጊያው ቲቢ መፈለጊያ ሆነ። ከዚያ የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን) መለኪያ ሆነ። ኤችአይቪ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን መመርመሪያ ሆነ። በ2015 ለኢቦላ፣ በ2020 ገና ወረርሽኙ ሲጀምር ለኮቪድ ካርትሪጅ ወጣለት። ማሽኑ ያው ነው፤ የተቀየረው ካርትሪጁ ነው።

እዚህ ድረስ ሁሉም ጀርም ነው። ከጀርም የወጣበትን ስነግራችሁ ደስ ይለኛል። ሲኤምኤል የሚባል የደም ካንሰር አለ። በአጥንት መቅኔ ሴል ውስጥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሲለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ጂን ይፈጠራል፤ ካንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ኢማቲኒብ የሚባለው እንክብል ከ2001 ጀምሮ የበሽታውን ታሪክ ገልብጦታል፤ ሰው እየዋጠ ሥራውን እየሠራ ይኖራል። ነገር ግን መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ በየጥቂት ወሩ ያ ጂን በደሙ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ መለካት አለበት። ይህ ድሮ ትልቅ የሞለኪውላር ላብራቶሪ ይጠይቅ ነበር። አሁን የዚያ ካርትሪጅ አለ፤ ቲቢ በሚመረመርበት በዚያው ማሽን ይገባል።

ይህ ለምን እንደተሳካ ልብ በሉ። ጂኑ ከታመመው ሴል ነው የሚመጣው፤ የካንሰር ምልክት ቢሆንም እንደ ጀርም ነው የሚፈለገው። ማሽኑ ደግሞ መስመር አይደለም የሚያሳየው፣ መጠን ይለካል። ውጤቱ ሲመጣም የሚሰጥ እንክብል አለ። ሦስቱ ባንድ ላይ የሚገጥሙበት በሽታ ብዙ አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰርም በከፊል እዚህ ይገባል፤ መነሻው ኤችፒቪ ቫይረስ ስለሆነ ቫይረሱን ፈልጎ ካንሰሩን ሳይመጣ መቅደም ይቻላል፣ ለሱም ካርትሪጅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 ጀምሮ ቅድሚያ ስጡት የሚለው ይህን የኤችፒቪ ምርመራ ነው። ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ ትችላለች፤ ሐኪም ፊት መተኛትን ለምትፈራ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግር የለም አላልኩም። ካርትሪጁ ዋጋ አለው፤ የቲቢው ለታዳጊ አገሮች ለዓመታት 9.98 ዶላር ነበር፣ በ2023 ወደ 7.97 ወርዷል፣ ሌሎቹ ከዚያ ይበልጣሉ። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል። ክፍሉም ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ይፈለጋል። በግንቦት አዳማ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ነዳጅ ሲያልቅበት 30 ዲግሪ ቀልድ ነው። ስትሪፖቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጡ ነው የሚሉት። ካርቶኑ ባጃጅ ኋላ ተጭኖ ፀሐይ ሲመታው የሚያስብለት ሰው ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል በየቤቱ ያለው ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ ምንድነው? የስኳር መለኪያው። በ2011 ዪ ሉ እና ዩ ሺያንግ የሚባሉ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሰቡት ነገር ብልጠት ነው። መለኪያው ግሉኮስን ብቻ ነው የሚያነበው፤ የወንጂን ስኳር በጥብጣችሁ ብታንጠባጥቡበት አይቆጥረውም፣ መጀመሪያ መሰንጠቅ አለበት። የሚሰነጥቀው ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እነሱ ኢንዛይሙን ከሚፈለገው ነገር ጋር አገናኙት፤ ነገሩ በበዛ ቁጥር ብዙ ኢንዛይም ይለቀቃል፣ ብዙ ስኳር ይሰነጠቃል፣ መለኪያው ላይ የሚወጣው ቁጥር ይጨምራል። በዚህ መንገድ ኮኬይንንም፣ ዩራኒየምንም ለክተዋል። በኮቪድ ጊዜም በጆንስ ሆፕኪንስ የኮሮና አንቲቦዲን በስኳር መለኪያ ለማንበብ ተሠርቷል። ቁጥሩ ከራሱ ከስኳር ጋር እንዳይደባለቅ ማድረግ ሥራ አለው፤ ስኳር ያለበት ሰው ደም ውስጥማ ግሉኮሱ ሞልቷል። ቢሆንም መንገዱ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም "ስንት?" ለሚለው የሚመልስ መሣሪያ ፋርማሲው ውስጥ ተደርድሮ አለ።

ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሳንጊታ ባቲያ ቡድን የሚሠራውም አለ። ናኖ ቅንጣት በመርፌ ይሰጥና ዕጢው ያለው ኢንዛይም ሲቆርጠው ቁራጩ በሽንት ወጥቶ በወረቀት ስትሪፕ ይነበባል። በ2014 እና በ2023 ያሳተሙት በአይጥ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ "ካንሰር በሽንት ተገኘ" ብሎ የሚጮህ ቪዲዮ ካያችሁ አይጧን አስታውሱ።

እኔ ብጠየቅ ለአዳማ የትኛውን አስቀድማለሁ? ካንሰሩን አይደለም። የሦስት ወር የስኳር ምርመራ የምንለውን ኤዋንሲ በጣት ደም፣ ርካሽ ሆኖ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በየጤና ጣቢያው ቢገባ እፈልጋለሁ። መሣሪያው አለ፤ የመለኪያ ኪቱ በቋሚነት መምጣት ነው የጎደለው። ቀጥሎ ሲአርፒ፣ ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን። ትኩሳት ይዞት የመጣው ሰው ወባ ከሌለበት አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ለመወሰን ሐኪሙን ይረዳዋል፣ የታይፎይዱንም ዘፈን ትንሽ ይቀንስልን ነበር። ሁለቱም ዜና አይሆኑም። ማንም "ተአምር" ብሎ ሼር አያደርጋቸውም።

ቴሌግራም ላይ የስትሪፕ ፎቶ የምትልኩልኝ ደግሞ፣ እባካችሁ። መጀመሪያ ኮንትሮል መስመሩ መውጣቱን እዩ፤ ካልወጣ ሌላው መስመር ምንም ይሁን ምን ያ ምርመራ አልተሠራም። ፓኬቱን የምትከፍቱት ስትሠሩት ብቻ ነው፣ እርጥበት ይገድለዋል። ወረቀቱ ላይ 15 ደቂቃ ካለ በ15 ደቂቃ አንብቡት፤ ቆይቶ የሚመጣው መስመር ፈሳሹ ሲደርቅ የሚታይ ሊሆን ይችላል። ማታ ሠርታችሁ አሳድራችሁ ጠዋት ያነሳችሁትን ፎቶ ግን አጉልቼም ባየው አልመልስላችሁም።